«ሰው የሚያወራበትን አምጪልኝ»

ያለፈው ቅዳሜ ረፋድ አራት ኪሎ፣ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ባዶ ወንበር ፍለጋ ሁለት ጊዜ ፎቅ ወጥቼ ወረድኩ። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም የተመረቀው ይህ ግዙፍ ሕንፃ በሰው ተሞልቷል። በጠረጴዛዎቹ መካከል ቀስ ብዬ ሳልፍ ዓይኔን ወደየመጻሕፍቱ ሽፋን እወረውር ነበር። አብዛኛው ተማሪ ነው፤ ላፕቶፕ፣ የተጠረዘ ሃንድአውት፣ መስመሩ በቢጫ የተቀለመ የፊዚክስ መጽሐፍ። ልብ ወለድ የያዘች አንዲት ወጣት ብቻ አየሁ፤ እሷም ሽፋኑን በጋዜጣ ለብዳዋለች። ጠጋ ብዬ «ምን እያነበብሽ ነው?» እንዳልላት ዝምታው ከለከለኝ። ቤተ መጻሕፍት ነውና መከልከሉም ደግ ነው።

እኔ ግን የመጣሁት ለዚያው ጥያቄ ነበር። የላከችኝ እናቴ ናት።

እናቴ ፊደል የቆጠረችው ጎጃም ውስጥ፣ በ1971 ዓ.ም በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ያኔ ሃያ ዓመቷ ነበር። ረጅም ልብ ወለድ ግን መጀመሪያ የገባት በዓይኗ ሳይሆን በጆሮዋ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርከው፣ ሬዲዮ ያለው ሰው ግቢ በጎረቤት ይሞላ ነበር ትላለች። መጽሐፉ የታተመው በ1958 ዓ.ም ቢሆንም እሷ የገዛችው የበዛብህንና የሰብለን መጨረሻ ሰምታ ከጨረሰች በኋላ ነው። ታሪኩን እያወቅሽው ለምን ገዛሽው ስላት፣ «ጎረቤቶቼ የተጣሉበትን ነገር ራሴ ላየው ብዬ» አለችኝ።

አሁን ግላኮማ ዓይኗን ይዞታል። የሄደው ብርሃን እንደማይመለስ ሐኪሙ ነግሮናል። ማታ ማታ እኔ አነብላታለሁ። ቤት ካለው እየመረጥኩ አንድ ወር ያህል አነበብኩላት፤ ሰማች፣ መረቀችኝ፣ ዝም አለች። ያሳሰበኝ ዝምታው ነው፤ ያለ ክርክር መጽሐፍ የጨረሰችበትን ቀን አላስታውስማ። በመጨረሻ አንድ ማታ፣ «ልጄ፣ አንቺ የወደድሽውን አትምረጪልኝ። ከተማው ምን እያነበበ እንደሆነ ጠይቂና ሰው የሚያወራበትን አምጪልኝ» አለች።

አራት ኪሎ ለዚህ ጥያቄ ባዳ አልነበረም። እኛ ተማሪ በነበርንበት ዘመን ጋዜጣ አከራዮች ነበሩ። ድንጋይ ላይ ወይም የመንገዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብሎ በሳንቲም ተከራይቶ፣ አንብቦ፣ አጣጥፎ መመለስ ነው። አንዱ የፊቱን ገጽ ሲያነብ ፊት ለፊቱ የተቀመጠው የጀርባውን ያነባል፤ ሦስተኛው በትከሻ አሻግሮ ይሻማል። ከዚያ ክርክር ነው። አንብቦ ዝም ያለ ሰው ትዝ አይለኝም። ዛሬ ቦታው አምሮበታል፤ የእግረኛው መንገድ ሰፍቷል፣ መቀመጫም አለው። የተቀመጠው ሁሉ ግን ስልኩን ነው የሚያየው። አልፈርድም፤ ምናልባት መጽሐፍ እያነበበ ይሆናል። ችግሩ ስልክ ሽፋን የለውም፤ ጎረቤት ምን እንደሚያነብ አያሳብቅም።

ታክሲ ይዤ ወደ ብሔራዊ ቴአትር ወረድኩ። እዚያ አካባቢ ካለ አንድ ካፌ ማኪያቶ አዝዤ ሳልጨርስ፣ ከመዳፉ እስከ አገጩ መጽሐፍ የቆለለ አዟሪ ገባ። እናንተም ሳታዩት አትቀሩም፤ ያ ሁሉ መጽሐፍ ሳይናድ እንዴት እንደሚራመድ እስካሁን አይገባኝም። ክምሩን አጠገቤ ካሉት ሁለት አዛውንቶች ጠረጴዛ ላይ አሳረፈው። አንደኛው «ኦሮማይ»ን አንስተው፣ በ1975 ዓ.ም ወጥቶ ከገበያ ከተሰበሰበ በኋላ በድብቅ ተውሰው ያነበቡበትን ጊዜ ለጓደኛቸው ያወሩ ጀመር። ደፈር አልኩና፣ «ይቅርታ ጋሼ፣ አሁንስ ምን እያነበቡ ነው?» አልኳቸው።

«‹አደፍርስ›ን» አሉ፣ እንደ ዘመድ ዞር ብለው። «ሁለቴ ጀምሬ ትቼው ነበር፤ ይኼ ሦስተኛዬ ነው።»

«መጽሐፉ እኮ አይደለም የደፈረሰው፤ አንተ ነህ» አሉ ጓደኛቸው። አዟሪው ሳይጠየቅ፣ «ጋሼ፣ ዝም ብለው ከመሀል ይጀምሩት» ብሎ ገባበት። ከወዲያ ማዶ የተቀመጠች ልጅ ደግሞ የአዳም ረታን «ግራጫ ቃጭሎች» ጠቅሳ፣ ከመሀል የሚጀመር መጽሐፍ ከፈለጋችሁ እሱ አለላችሁ አለች። በአሥር ደቂቃ ውስጥ አምስት ሆንን። የአንዳችንንም ስም አንዳችን አናውቅም። ሁሉንም በማስታወሻዬ ጻፍኩ።

ከዚያ ብዙም ሳይርቅ ወመዘክር አለ፤ በ1936 ዓ.ም የተቋቋመው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍታችን። አዳራሹ የመጽሐፍ ውይይት ሲካሄድበት ኖሯል፤ እኔም ተካፍያለሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ጥናት አቅራቢው ሲያረዝመው እንቅልፍ የሚጥልበት ቀን አለ። ማይክሮፎኑ ወደ ተሰብሳቢው ሲዞር ግን ነገር ይመጣል። ቅዳሜ በሩ ላይ ማስታወቂያ ባለማየቴ አለፍኩት።

ወደ ለገሃር ወረድ ብዬ፣ አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጥ ደንበኛዬ ዘንድ ደረስኩ። ይህ ሰው የሚሸጠውን አንብቦ የሚሸጥ ነው። የኩራዝ አሳታሚ ማኅተም ያለባቸው፣ የመጀመሪያ ገጻቸው ላይ «ለውድ ጓደኛዬ መታሰቢያ» የተጻፈባቸው መጻሕፍት እሱ ጋ አይጠፉም። መታሰቢያው እንዴት ገበያ ወጣ ብዬ ማሰብ ትቻለሁ። መጽሐፍ ያዋሰ ሞኝ፣ የመለሰ የባሰ ሞኝ የሚለውን ቀልድ እሱ አይወደውም፤ «ካልዞረ እኔ ምን እበላለሁ?» ይላል።

የእናቴን መልእክትና የካፌውን ዝርዝር ነገርኩት። «ኦሮማይ»ን ነካ አድርጎ ተወው። ከኋላ ረድፍ ጎንበስ ብሎ አንድ ወፍራም መጽሐፍ አወጣ፤ «ነገም ሌላ ቀን ነው»። የማርጋሬት ሚቼልን ረጅም ልብ ወለድ በ2016 ዓ.ም ያረፈው ገጣሚ ነቢይ መኮንን የተረጎመው ነው። ታሪኩን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። በደርግ ዘመን እስር ቤት ሳለ፣ በሲጋራ ፓኮ ውስጥ ባለችው ስስ ወረቀት ላይ በደቃቅ ጽሕፈት እየጻፈ፣ ለእስር ጓደኞቹ ብሎ ወደ አማርኛ መለሰው። ወረቀቶቹም በፓኮ ተደብቀው ከእስር ቤት ወጡ።

«እህቴ፣ ይኼ እኮ ከመነሻው ለብቻ ሊነበብ አልተተረጎመም» አለኝ። «እናትሽ ስልክ ያነሳሉ?»

ደወልኩና ሰጠሁት። «እማማ፣ እንደምን ዋሉ» ብሎ ጀመረ። ጦርነት አለበት፣ መሬት አለበት፣ ግትር ሴት አለችበት አላት። እናቴ ምን እንደጠየቀችው አልሰማሁም፤ እሱ ግን ሳቀና፣ «የለም፣ እኔ በእሷ አልፈርድም፤ እርስዎ ግን ሊፈርዱባት ይችላሉ» አለ። ሁለት ደንበኞች ቆመው ይጠብቁታል። በእጁ ቆዩ አላቸው። «እሺ እማማ፣ መጨረሻውን አልናገርም» ሲል ካርዴ አለቀና መስመሩ ተቋረጠ።

ስልኬን መለሰልኝና ቁጥሯን ጠየቀኝ። ከኪሱ የራሱን አውጥቶ መልሶ ደወለላት።