የተራራ መንገድና የእንግዳ አገልግሎት

ሰው ከሚኖርበት አገር ወጥቶ በሌላ ስፍራ ሲሰነብት ሁለት ነገር ይመኛል። አንደኛው የስፍራውን ውበት በዐይኑ ማየት ነው፤ ሁለተኛው ስለ ተደረገለት መስተንግዶ አንዳች መልካም ሥራ ሠርቶ መመለስ ነው። ይህ ሁለተኛው ምኞት የተመሰገነ ነው፤ ዳሩ ግን አካሄዱን ካላወቁበት ለተረጂው ሸክም፥ ለረጂው ትዕቢት ይሆናል። ስለዚህ በ2011 ዓ.ም. በጥቅምት ወር በጎንደርና በስሜን ተራራ ያየነውን፥ ልጆች ለሚያሳድጉ ሁሉ ይጠቅማል ብለን እንጽፈዋለን።

በባሕር ማዶ ተወልዳ ያደገች የወንድማችን ልጅ የአባቷን አገር ለማየት መጥታ ነበር። ሐሳቧም አንድ ቀን ተራራ ከወጣች በኋላ፥ በጎንደር ከተማ ወላጅ የሌላቸው ሕፃናት በሚያድጉበት አንድ ቤት ሁለት ሳምንት ያህል ያለ ደመወዝ ለማገልገል ነበር። ለልጆቹ እንግሊዝኛ ለማስተማር ሥዕል ያለባቸው መጻሕፍት በሻንጣዋ ሞልታ አምጥታለች።

ከጎንደር ተነሥተን ወደ ሰሜን መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በደባርቅ ተመዘገብን፤ መሣሪያ የያዘ የፓርኩ ጠባቂም ተሰጠን። ከዚያ በመኪና ጥቂት ሄደን፥ ወደ ሳንቃ በር የሚወስደውን መንገድ በእግር ጀመርን። ስፍራው ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር ይበልጣልና ለቈላ ሰው ትንፋሽ ያጥራል። ልጅቱ ጕልበቷን አምና ፈጥና ስትቀድም ጠባቂው ሽማግሌ፥ «ልጄ፥ ተራራ የሚወጣው በእርጋታ ነው፤ ከኋላዬ ሁኚ» አሏት። እርሷም እሺ ብላ እግራቸውን እየተከተለች ሄደች።

ከገደሉ አፋፍ ስንደርስ ጭላዳዎች በመንጋ ተቀምጠው ሣር ሲነቅሉ አገኘን። እነዚህ ደረታቸው ላይ ቀይ ምልክት ያላቸው እንስሶች በኢትዮጵያ ብቻ ይኖራሉ፤ ቀን በሜዳው ሣር ይበላሉ፥ ማታ ከገደሉ ውስጥ ያድራሉ። ዋልያም መኖሪያው ይኸው የስሜን ተራራ ነው። ዩኔስኮ ይህን ፓርክ በ1978 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በዓለም ቅርስነት መዘገበው፤ በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ጋራ ቈጠረው፤ በ2017 ከዚያ መዝገብ አወጣው። በመካከሉ የጊጭ መንደር ሰዎች ቀያቸውን ለቀው ወደ ደባርቅ እንዲዛወሩ ሆኗል። ስለዚህ ጐብኚ የሚደሰትበት ውበት ሌላው ሰው ዋጋ የከፈለበት መሆኑን ማሰብ ይገባዋል።

በማግሥቱ ወደ ሕፃናቱ ቤት ሄድን። የቤቱ ኀላፊ የሆኑት እናት በደስታ ተቀበሉን፤ ቡናም አፈሉልን። ልጅቱ መጻሕፍቷን ስታሳያቸው ጥቂት ዝም ብለው ቈዩና እንዲህ አሏት፦ «ልጄ፥ እግዚአብሔር ይስጥሽ። ዳሩ ግን እንግዳ ይመጣል፥ ሕፃናቱ ይለምዱታል፥ ወዲያው ይሄዳል፤ እነርሱም ዳግመኛ እናት እንደ ሞተባቸው ያለቅሳሉ። መጻሕፍቱን ለመምህራቸው ስጪልን፤ አንቺ ግን ልብስ ብታጥቢልን ትልቅ ነገር ነው።»

ልጅቱ ፊቷ ተለወጠ። ማታ ከማደሪያችን ስንደርስ፥ «አክስቴ፥ ይህን ሁሉ መንገድ የመጣሁት ልብስ ለማጠብ ነውን?» ብላ ጠየቀች። እኛም፥ «ትናንት በተራራው ላይ መንገዱን የሚያውቅ ማን ነበር?» አልናት። መልስ አልሰጠችም፤ ነገር ግን በነጋታው ማልዳ ወደ ልብስ ማጠቢያው ሄደች።

በሳምንቱ ልንጐበኛት በሄድን ጊዜ እጅዋ በሳሙና ቈስሎ አገኘናት። የሕፃናቱ ጨርቅ ሁሉ በገመድ ላይ ተሰጥቷል። ቀድሞ በዚያ ሰዓት ከገንዳው የማይለዩት ሞግዚት ግን ከደጃፉ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው አንድ የታመመ ሕፃን አቅፈው ገንፎ ያበሉ ነበር። ልጅቱ በዐይኗ አሳየችንና፥ «ሥራዬ ያ ነው» አለች። ለሕፃኑ የሚያስፈልገው ነገ የማትሄድ እናት እንደ ሆነች፥ የርሷም ድርሻ ለዚያች እናት ጊዜ ማትረፍ እንደ ሆነ ገብቷት ነበር።

በዚያው ዓመት በመጋቢትና በሚያዝያ ወር በስሜን ተራራ ብርቱ ቃጠሎ ተነሣ። የአገሩ ሰው እሳቱን ለማጥፋት ወጣ፤ ከእስራኤል እሳት አጥፊዎች፥ ከኬንያም ሄሊኮፕተር መጥተው ረዱ። ከሩቅ የሚመጣ እርዳታ እንዲህ ሲሆን ያማረ ነው፤ የጐደለውን ይሞላል እንጂ የባለቤቱን ስፍራ አይወስድም።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፥ ልጆቻችሁ በዕረፍታቸው ጊዜ ለማገልገል ሲነሡ አትከልክሏቸው። ነገር ግን ከመሄዳቸው አስቀድሞ፥ «ምን ልሥራ?» ብሎ መጠየቅን፥ የታዘዙትንም ሥራ ሳይንቁ መፈጸምን በቤት አስለምዷቸው። በእናቱ ቤት ሳሕን ማጠብ የሚያፍር ልጅ በሰው አገር የሚያኰራ አገልግሎት ሊሰጥ አይችልምና።