ጭረት ያለበት ላፕቶፕ

ዛሬ የማነሣላችሁ ጉዳይ ለአንዳንዶቻችሁ ተራ ሊመስል ይችላል፤ ላፕቶፓችሁ ክዳን ላይ ስላለው ጭረት ነው። ብዙዎቻችሁ የምትጠቀሙበት ኮምፒውተር አዲስ አይደለም። ብዙ ጊዜ ውጭ አገር በአንድ መሥሪያ ቤት ለዓመታት አገልግሎ፣ "ስላይትሊ ዩዝድ" ተብሎ አዲስ አበባ ገብቶ፣ በነጋዴ ወይም በዘመድ እጅ እኛ ዘንድ ይደርሳል። ሲደርስም ጥጉ ተፋፍቆ፣ ክዳኑ ተጭሮ ነው። አንዳንዱማ የቀድሞ ባለቤቱ የንብረት ቁጥር እንኳ አልለቀቀውም።

ወረታ በማስተምርበት ክፍል ውስጥ የመዝሙር ግጥም በፕሮጀክተር የምታሳይ አንዲት እህት አለች። ቤቷ አዲስ ዘመን ነው፤ እሑድ እሑድ ላፕቶፑን ጭኗ ላይ አድርጋ በሚኒባስ ትመጣለች። ወንድሟ የላከላት ይህ ላፕቶፕ ክዳኑ ከዳር እስከ ዳር ነጫጭ መስመር ነበረበት። አንድ እሑድ ከኋላ የተቀመጡ ልጆች "ድመት ቧጥጣው ነው?" ብለው ሳቁባት። በሚቀጥለው እሑድ ኮምፒውተሩን አላመጣችም። በሦስተኛው እሑድ እርሷም ቀረች። ማሽኑ አንድም ቀን አላስቸገረንም፤ ሰውን ከአገልግሎት ያስቀረው ጭረት ነው!

ከሳቁት ልጆች ሁለቱን ይዤ ከጣራ ገዳም ደን ግርጌ ወዳለችው ከተማቸው ሄድሁ። ቤት ስንገባ ጠረጴዛው ላይ ላፕቶፑና አንድ ጠርሙስ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ተቀምጠዋል። "ጋሼ፣ በዚህ ልፈገፍገው ብዬ ነው" አለችኝ። እንኳን ደረስን! ያ ፈሳሽ ብዙውን ጊዜ አሴቶን ነው፤ አሴቶን ደግሞ ኤቢኤስ የሚባለውን፣ ብዙ የላፕቶፕ ክዳን የሚሠራበትን ፕላስቲክ ያሟሟል። ጭረቱን አያጠፋውም፤ ዙሪያውን አቅልጦ ሰፊ ጠባሳ ያደርገዋል እንጂ። በቤንዚን የምትወለውሉም ካላችሁ ተዉት።

ያደረግነው ይህን ነው። ኮምፒውተሩን አጥፍተን ከቻርጀር ነቀልነው፤ ከዚያ ባልተነካ ለስላሳ የቀለም ብሩሽ አቧራውን አራገፍን። ይህችን ደረጃ እኛ የፎገራ ሰዎች በተለይ መዝለል የለብንም። የሩዝ ቅርፊት በሲሊካ የበለጸገ ነው፤ አሸዋም መስታወትም የሚሠሩበት ያው ሲሊካ። በሩዝ መፈልፈያው አካባቢ የሚቦነው አቧራ ክዳኑ ላይ አርፎ ሳለ በደረቅ ጨርቅ መወልወል፣ በብርጭቆ ወረቀት እንደ መፈግፈግ ነው። እንዲያውም ከጭረቶቹ ጥቂቶቹ ከጽዳት የመጡ ሳይሆኑ አይቀሩም።

አቧራው ከተራገፈ በኋላ በደንብ በተጨመቀ እርጥብ ጨርቅና በአንዲት ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ጠረግነው። ከመስመሮቹ ግማሽ ያህሉ ለቀቁ። ለካስ ጭረት አልነበሩም፤ ከሌላ ዕቃ ጋር ሲፋተግ የተላከከ ቀለምና የስቲከር ሙጫ ነበሩ። መለየቱ ከባድ አይደለም፦ ጥፍራችሁን በቀስታ አሳልፉበት። ጥፍር ካልያዘው ብዙ ጊዜ ላዩን የተለጠፈ ነገር ነው፤ ከያዘው ጭረት ነው።

የቀረውን አንደኛው ልጅ "በጥርስ ሳሙና ይለቃል ይባላል" አለ። የጥርስ ሳሙና ውስጥ ደቃቅ መፈግፈጊያ ስላለ፣ አብረቅራቂ ፕላስቲክ ላይ ያለን ቀላል ጭረት ሊያደበዝዝ ይችላል። የማያብረቀርቅ ክዳን ላይ ግን የተፈገፈገው ቦታ ብቻውን ያብረቀርቅና ከጭረቱ ብሶ ይታያል። እንደ ማክቡክ ያለው አሉሚኒየምም አይፈገፈግም፤ ቀለሙ ያለው ላዩ ላይ በኤሌክትሪክ ኃይል በተፈጠረ፣ ከፀጉር በሳሳ የኦክሳይድ ሽፋን ውስጥ ነው። እርሱ አንዴ ከተነሣ ቤት ውስጥ አይመለስም። ስለዚህ የቀረውን ጭረት ተውነው። እህታችን በቀጣዩ እሑድ እርሱኑ ይዛ መጣች፤ ከሳቁት አንዱ አሁን መናኸሪያ ድረስ ሄዶ ቦርሳዋን ይቀበላታል።

ነገር ግን ያን ቀን ላፕቶፑን ስናገላብጥ ማንም ያልሳቀበት ነገር አገኘን። ክዳኑ የሚከፈትበት ማጠፊያ ሥር የፀጉር ያህል የቀጠነ ስንጥቅ አለ። ማጠፊያው ሲጠጥር፣ ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር ፕላስቲኩን ይገነጥለዋል፤ በዚያው በኩል ደግሞ የስክሪኑ ገመድ ያልፋል። ቶሎ ቴክኒሻን ካላየው አንድ ቀን በአምልኮ መካከል ስክሪኑ ይጠፋል። ከዚህም የሚብሰው የባትሪ ማበጥ ነው። ታችፓዱ ወደ ላይ ከተነሣ፣ ወይም ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጡት ከሥሩ የሚወዛወዝ ከሆነ፣ ሊቲየም ባትሪው ውስጥ ጋዝ ተፈጥሮ ሊሆን ይችላል። አጥፉት፤ ቻርጅ አታድርጉት፤ አትጫኑት፤ አትብሱት፤ እሳት ሊያስነሣ ስለሚችል ለባለሙያ ስጡ። ክዳኑ እንደ መስታወት የሚያበራ ላፕቶፕም ይህ ሊኖርበት ይችላል።

ለኅብረታችሁ ላፕቶፕ ለመግዛት ገንዘብ የምታዋጡ ከሆነ ይህን አስቡ። ያገለገሉ ኮምፒውተሮችን አድሰው የሚሸጡ ነጋዴዎች ኤ፣ ቢ፣ ሲ እያሉ ደረጃ ሲሰጡ፣ ደረጃው በአብዛኛው የሚናገረው ስለ መልኩ ነው። ለእኔ ቢሆን ባትሪው ደህና የሆነውን ባለ ሲ፣ ታሪኩ ካልታወቀው ባለ ኤ አስበልጣለሁ። መጽሐፈ ኢያሱ ምዕራፍ 9ን ታስታውሳላችሁ? የገባዖን ሰዎች ከሩቅ የመጡ ለመምሰል ያረጀ ልብስና የተጠቀመ ጫማ አድርገው፣ የሻገተ እንጀራ ይዘው መጡ። የእስራኤል አለቆች ስንቁን አዩ፤ እግዚአብሔርን ግን አልጠየቁም። ስለዚህ አዲስ መምሰል ብቻ ሳይሆን ያረጀ መምሰልም ያታልላል። ገበያ ስትሄዱ ኮምፒውተሩን አስከፍቱ፣ ባትሪው ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ሞክሩ፣ የንብረት ቁጥር ካለበት ደረሰኝ ጠይቁ።

የፎገራ ላም የሚገዛ ገበሬ ቆዳዋ ላይ የቀንድ ጠባሳ ስላየ ትቷት አይሄድም፤ ጡቷንና ጥርሷን ያያል። (ቆዳ ፋብሪካ ግን ያንኑ ጠባሳ አይቶ ዋጋ ይቀንሳል፤ እርሱ የሚገዛው ቆዳውን ነውና።) ያው ገበሬ ጠባሳው ምንም እንደማይል እያወቀ ለመከራከሪያ ያነሣዋል። ምሳሌ 20፥14 ላይ ያለውን ገዢ ታውቁታላችሁ፤ ሲገዛ ዕቃውን እያጣጣለ፣ ዘወር ሲል ግን በግዢው የሚመካውን። የድሃ ልጅ የሚሸጠውን ላፕቶፕ በማይጎዳ ጭረት እያሳበባችሁ በግማሽ ዋጋ መውሰድ ከዚያ ገዢ ጋር ያስቆጥራችኋል።

የምትሸጡም አላችሁ። ባለፈው ትምህርት ላይ አንድ ወንድም "ጭረቱን በጥቁር ማርከር ቀብቼ ብሸጠውስ?" ብሎ ጠየቀኝ። ለራስህ ከሆነ ቀባው፤ ስቲከርም ለጥፍ፣ የአየር ማስወጫውን እንዳትደፍን ብቻ ተጠንቀቅ። ስትሸጠው ግን ምን እንደቀባህ ለገዢው ንገረው። የተሰነጠቀ ማጠፊያን በስቲከር ሸፍኖ መሸጥ ደግሞ፣ ስቲከሩ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅስ ቢሆንም፣ ማታለል ነው። "ታዲያ ጭረቱን ካየ ብር ቀንስልኝ ይለኛላ!" አለ። ይልሃል። ቀንስለት።