ጥላም ሕግ ይሻል

የትምህርት ቤት ግቢ ዛፍ የሕግ ጉዳይ ነው ብንል የሚስቅብን አይጠፋም። ዛፍ በዶማና በውሃ እንጂ በአዋጅ መቼ ይበቅላል? ሆኖም በካሊፎርኒያ የሆነውን ስንመለከት ነገሩ የሚያስቅ ሆኖ አላገኘነውም።

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1933 በሎንግ ቢች ከተማ የምድር መንቀጥቀጥ ደርሶ ብዙ ትምህርት ቤቶች ፈረሱ። አደጋው የደረሰው ወደ ማታ ገደማ፣ ተማሪው ወደየቤቱ ከገባ በኋላ ስለነበረ ነው እንጂ እልቂቱ እጅግ በከፋ ነበር። በወሩ የፊልድ ሕግ የሚባለው ወጣ። ከዚያ ወዲህ የሕዝብ ትምህርት ቤት ፕላን በግዛቱ የአርክቴክት መሥሪያ ቤት ሳይመረመር አይሠራም። ሕጉ የልጆችን ሕይወት ለማዳን የወጣ ነውና የሚነቀፍ አይደለም።

ነገር ግን ዘመን ሲለወጥ ችግሩም ይለወጣል። ዛሬ ልጆችን የሚያሰጋው ሙቀቱም ጭምር ነው። አስፋልት የለበሰ ግቢ በበጋ ፀሐይ ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሊግል ይችላል። በዚህ በረሃማ አገር የምንማር እኛም የግንቡን ጥግ ጥግ ይዘን ስለምንሄድ ነገሩ አይጠፋንም። ታዲያ አንድ ትምህርት ቤት ለልጆች መጠለያ ጥላ ልሥራ ሲል፣ ወደዚያ የሚያደርሰውን መተላለፊያ ሁሉ ለአካል ጉዳተኞች እንዲመች አድርገህ አድስ ይባል ነበር። ወጪው ሲደመር ሥራውን ያስቀራል፤ ጥላውም ላም አለኝ በሰማይ ይሆናል።

እ.ኤ.አ. በ2023 የጸደቀው የሴኔት ረቂቅ ቁጥር 515 ይህን ቋጠሮ አላላ፤ ጎኑ ክፍት የሆነ ጥላ ሲሠራ ለመተላለፊያው የሚወጣው ገንዘብ ከሥራው ዋጋ 20 በመቶ እንዳይበልጥ ወሰነ። ከዚያ ቀደም ብሎም በ2022 የሎስ አንጀለስ የትምህርት ቦርድ እስከ 2035 ድረስ ከግቢዎቹ ቢያንስ 30 በመቶው አረንጓዴ እንዲሆን ወስኖ ነበር። በዚያ ከተማ የሚያድጉ የወገኖቻችን ልጆችም የዚህ ተካፋዮች ናቸው።

በበኩላችን ሕጉን ስንደግፍ አንድ ነገር አንዘነጋም። በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄደው ልጅም ፀሐይ ያቃጥለዋል። ወጪ ተቀነሰ ተብሎ እሱ ከጥላው ውጭ ከቀረ የቀለለው ሥራ እንጂ የልጆች ኑሮ አይደለም። ደግሞም የቆርቆሮና የሸራ ጥላ ዛፍን አይተካም።

ወደ አገራችን ስንመለስ ችግሩ ተገላቢጦሽ ነው። እኛ ዘንድ ችግኝ ለመትከል ፈቃድ ፍለጋ የሚንከራተት የለም። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ብቻ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታውቋል። ተከላው በክረምት ነው፤ በክረምት ደግሞ ትምህርት ቤት ዝግ ነው። ተማሪው በመስከረም ሲመለስ ዝናቡ ሊወጣ ይቃረባል። ከጥቅምት በኋላ ችግኙን ማን ያጠጣዋል? ከፍየልስ ማን ይጠብቀዋል? የተከለው እንግዳ ፎቶግራፍ ተነሥቶ ሄዷል፤ ዳይሬክተሩ ለጠመኔም በቂ በጀት የለውም፤ ዘበኛው ሥራው በር መጠበቅ ነው።

ብዙዎቻችን ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል በጠራራ ፀሐይ ተሰልፈን ያደግን ነን። የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ ግን በጽድና በወይራ የተሸፈነ ነበር። ልዩነቱ የአፈር አይደለም። እዚያ ዛፉ ባለቤት አለው፤ እንዳይቆረጥ የሚከለክል ሥርዓትም አለው። እንግዲህ ለትምህርት ቤቶቻችን የምንመኘው ሕግ ረጅም አይሁን፤ የውሃውን ወጪ በበጀት ያስገባ፣ አጥሩን ያሳጥር፣ የጠባቂውን ኃላፊነት በጽሑፍ ያስቀምጥ፣ በተተከለው ሳይሆን በሦስተኛው ዓመት ቆሞ በተገኘው ዛፍ ይቁጠር። በማኅበራችን ውስጥ ሕግም እርሻም ምህንድስናም የሚያጠኑ አሉ፤ ረቂቁን አብረው ቢጽፉት ከዚህ ጽሑፍ የበለጠ ይጠቅማል።