ምድር የሌለበት ቤት

ፌርፋክስ ጎዳና ላይ የሚያውቁት ሁሉ «ጋሼ» ይሉታል። የሎስ አንጀለስ ከተማ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2002 ሰፈሩን «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብሎ በይፋ ከመሰየሙ በፊት ጀምሮ እዚያ ቡና ይጠጣል። ስለ ኤርፖርቱ የታክሲ ወረፋ፣ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ምፅዋ ሙቀት ሳይሰለች ያወራል። ሁለተኛው ስኒ ሲያልቅ ግን «ቤት የምሠራው ነገር አለ» ብሎ ይነሣል። ምን እንደሚሠራ ተናግሮ አያውቅም። የሚሠራው የሽንት ቤት ፓምፕ ነው።

ቤቱ ጀልባ ነው። ከፌርፋክስ ወደ ምዕራብ፣ መንገዱ ካልተዘጋ ግማሽ ሰዓት ያህል ተነድቶ፣ ማሪና ዴል ሬይ ይደረሳል። ረግረግ ተቆፍሮ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ1965 የተመረቀ የጀልባ ወደብ ነው። ጋሼ አሮጌ ባለሸራ ጀልባውን እዚያ አስሮ ይኖርበታል። ከሰባት ወር ወዲህ ደግሞ ከአዲስ አበባ የመጣው የእህቱ ልጅ አብሮት አለ። ልጁ ፌርፋክስ ላይ አንድ ምግብ ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ይሠራል፤ የደመወዙ መጠን በሰፈሩ አንድ ክፍል እንኳ አያስከራይም።

አንድ እሑድ ጠዋት የፓምፑ እጀታ አልንቀሳቀስ አለ። ልጁ እየታገለ ገፋው፤ ሳህኑ ባዶ ሆነ፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ውኃው ተመልሶ መጣ።

«ጋሼ፣ ሠራተኛ እንጥራ።»

«ሠራተኛው እኔ ነኝ። ውኃው ንጹሕ ነው ወይስ የቆሸሸ?»

ልጁ ፊቱን አጨማደደ። ጥያቄው ግን ተራ ጥያቄ አልነበረም። የጀልባ የእጅ ሽንት ቤት አንድ ፓምፕ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ በላይኛው በኩል የባሕር ውኃ ስቦ ወደ ሳህኑ ያስገባል፣ በታችኛው በኩል የሳህኑን ይዘት ይገፋል። ተመልሶ የሚሞላው ውኃ ንጹሕ ከሆነ ጥፋቱ ከመግቢያው ነው፤ ባሕሩ በራሱ ጊዜ እየገባ ነው ማለት ነው። የቆሸሸ ከሆነ ደግሞ መውጫው ላይ ያለው፣ የዳክዬ ምንቃር የመሰለው ጎማ አልገጥም ብሏል፤ ቱቦው ውስጥ የቀረው ፍሳሽ ወደ ኋላ ይመለሳል።

«የቆሸሸ ነው» አለ ልጁ።

ጋሼ ካቻቢቴ ከማንሣቱ በፊት ጎንበስ ብሎ የጀልባዋ ሆድ ላይ ያለውን የባሕር ውኃ መግቢያ ዘጋ። ሳህኑ ከባሕሩ ወለል በታች ስለሆነ፣ መግቢያው ክፍት እያለ ቱቦ ቢወልቅ ጀልባዋ ትሰጥማለች። ቱቦው ከውኃው ወለል በላይ ወጥቶ እንደገና የሚወርደው፣ ጫፉም ላይ አየር የምታስገባ ትንሽ ቀዳዳ ያለችው በዚሁ ምክንያት ነው። ቀዳዳዋ በጨው ከተደፈነች ባሕሩ ሌሊቱን በቱቦው ተስቦ ይገባል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1945 አንድ የጀርመን ባሕር ሰርጓጅ የጠፋው በሽንት ቤቱ ጦስ ነው ብሎ የመሰከረው አዛዡ ራሱ ነበር። ጋሼ ይህን ሲተርክ አይስቅም።

ጎማው ሲወጣ እንደ ድንጋይ ደርቋል። የባሕር ውኃና ሽንት ሲገናኙ ነጭ ጠጣር ነገር ይሠራሉ፤ ቱቦውን ከውስጥ እያጠበበ ጎማውን ያጠነክረዋል። ጋሼ በየጊዜው አቼቶ አፍስሶበት የሚያሳድረው ይህን ለማሟሟት ነው። የእጀታው መክበድ ሌላ በሽታ ነው፤ ፓምፑ ውስጥ ያለው ጎማ ቅባት አጥቷል። የምግብ ዘይት ለጊዜው ያለዝበዋል፤ ለጎማ የሚሆን የሲሊኮን ቅባት ደግሞ ይበልጥ ይቆያል። የሞተር ቅባት ግን ጎማውን ያበላሸዋል።

አዲሱ ጎማ እየገባ ሳለ የልጁ ስልክ ጠራ። እናቱ ናት፣ በምስል። ልጁ ጓንቱን አውልቆ ሮጦ ወጣና ስልኩን ወደ ሸራው፣ ወደ ውኃው፣ ወደ ወፎቹ አዞረው። «ባሕር ዳር ነው የምኖረው፣ እማዬ።» እናትየው እልል አለች። ጋሼ ከታች ሆኖ ሰማ።

ልጁ ሲመለስ «ምነው እዚህ እንዳለሁ አልነገርካትም?» አለው።

«ሽንት ቤት ነው እኮ፣ ጋሼ።»

በአማርኛ ይህን ነገር በስሙ መጥራት ይከብዳል። «ደጅ ልውጣ» ይባላል፤ የሚወጣው ነገር ራሱ «ዓይነ ምድር» ነው። ባሕር ላይ ግን ደጅም የለም፣ ምድርም የለም። የአሜሪካ ሕግ ከባሕር ዳርቻው ሦስት የባሕር ማይል፣ ማለትም አምስት ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል፣ ሳይርቁ ያልታከመ ፍሳሽ መልቀቅን ይከለክላል። ስለዚህ ሁለቱ ሰዎች ያወጡት ሁሉ እነሱ ከሚተኙበት እልፍ ብሎ ታንከር ውስጥ ይጠራቀማል፤ ሲሞላ ጀልባዋን ወደ መምጠጫው ጣቢያ ይወስዷታል።

ጋሼ «ኢትዮጵያ» በምትባለው መርከብ ላይ አገልግሏል። አሜሪካ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የሠራቻት፣ እ.ኤ.አ. በ1962 ለኢትዮጵያ ባሕር ኃይል የተሰጠች መርከብ ናት። በ1991 ወደ የመን ሸሸች፤ በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። በዚያው ዓመት አገሪቱ ባሕር አልባ ሆነች። ፌርፋክስ ላይ ይህን ሲያወራ ስለ ባንዲራውና ስለ መድፎቹ ነው የሚያወራው። በዚያ እሑድ ግን እጁን እየጠረገ እንዲህ አለ፦

«የመን ስንሻገር እኔ ታች ነበርኩ፣ ፓምፕ ላይ። ሰው ፈርቷል። የፈራ ሰው ሽንት ቤት ይመላለሳል። ላይ ስለ አገር ይከራከሩ ነበር፤ እኔ ቱቦ እከፍት ነበር። ይኸን ለእናትህም አልነገርኳት።»

ልጁ ዝም አለ። ከዚያ እጀታውን ያዘና ቆጠረ፤ ሃያ ጊዜ፣ ቱቦው እስኪጠራ። እጀታው ቀሎታል። ውኃው አልተመለሰም።

በማግስቱ ወደ ሥራ ሲሄድ አውቶቡስ ከተሳፈረ በኋላ አንድ ነገር ትዝ አለው፤ የባሕር ውኃ መግቢያውን መዝጋቱን እርግጠኛ አልነበረም። ሁለት ፌርማታ አልፎ ወረደና በእግሩ ተመለሰ። ተዘግቷል፤ ራሱ ነበር የዘጋው። ፌርፋክስ ሲደርስ ግማሽ ሰዓት አርፍዷል፤ ሽንኩርቱም ሳይላጥ ይጠብቀዋል።

«የት ነበርክ?» አለችው ወጥ ሠሪዋ።

«ቤት የምሠራው ነገር ነበረኝ» አለ።