እምዬና የክሊኒኩ ካርድ

በአባቴ እናት በእምዬና በእናቴ መካከል ክፉ ቃል ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። ሲከራከሩ ግን ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ክርክራቸው ሁልጊዜ በአንድ ጉዳይ ላይ ነበር፤ ሕፃኑ ምን ይቅመስ የሚለው ላይ። ዛሬ ሁለቱም ድምፆች በጆሮዬ ሲመጡ የሚናፍቀኝ የማንኛቸውም አሸናፊነት አይደለም፤ ክርክሩ ራሱ ይናፍቀኛል።

እናቴ ወንድሜን ልትወልድ ወሯ ሲገባ እምዬ ከመንዝ በአውቶቡስ ጉለሌ ቤታችን መጣች። ጊዜው የ1970ዎቹ መጨረሻ ነው። ያመጣችው የአራስ ቤት ሙሉ ስንቅ ነበር፦ ቅቤ በቅል፣ ለአጥሚት የሚሆን አጃ፣ የገንፎ ገብስ፣ ተልባ፣ አብሽ፣ በጨርቅ የተቋጠረ ጤና አዳም። አባቴ ጭነቱን ከአውቶቡስ ተራ በታክሲ ሲያደርስ ሰፈሩ ሁሉ ማን እንደመጣ አወቀ። እናቴ አስተማሪ ነበረች። የወለደችው ሐኪም ቤት ነው፤ ስትወጣም የሕፃኑ ክብደት በየወሩ የሚሞላበትና የአመጋገብ ምክር ያለበት ካርድ ተሰጣት። ካርዱን አልጋዋ ራስጌ፣ ከእመቤታችን ሥዕል ሥር ሰካችው። እምዬ ማንበብ አትችልም፤ ያ ወረቀት ግን ከእሷ ጋር ሊከራከር የመጣ መሆኑን ወዲያው ነው የገባት።

የመጀመሪያው ክርክር የቅቤው ነው። በእምዬ አገር ሕፃን ሲወለድ የጣት ጫፍ በምታህል ቅቤ አፉ ይሟሻል፤ አንጀቱ እንዲለሰልስ፣ ከማሕፀን ይዞት የመጣው ጥቁር ዓይነ ምድር እንዲወጣለት።

«ልጄ፣ አንጀቱ ደርቆ ይቅር እንዴ? የአባቱንም ሆድ ያለሰለስኩት በዚሁ ነው» አለች እምዬ።

«እማማ፣ ከጡት በቀር ምንም እንዳይቀምስ ብለውኛል። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ያ ሐኪም ስንት ልጅ አሳድጓል?»

እናቴ ለዚህ መልስ አልሰጠችም። ሕፃኑን ከነመታቀፊያው አንስታ ለእምዬ አሳቀፈቻትና፣ «አናቱን ይቀቡልኝ፤ እዚያ ላይ እርስዎ ያውቃሉ» አለች። እምዬ ትንሽ ዝም ብላ ቆየች። ከዚያ ቅቤውን በመዳፏ አሙቃ የወንድሜን እርግብግቢት ቀባችው፤ ቀስ ብላ፣ እየመረቀች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅቤው የአናት ሆነ፤ ምግብ እስኪጀምር ድረስ ወደ አፉ የሄደ የለም። እናቴ ይህን መውጫ ከየት እንዳገኘችው አላውቅም፤ ክሊኒክ ውስጥ እንዳላስተማሯት ግን እርግጠኛ ነኝ።

እንገሩ ግን ከበደ። ከወሊድ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ቀናት ከጡት የሚወጣው ወፍራም ቢጫ ወተት ለእምዬ የቆየ፣ የታጎረ ነገር ነው፤ ታልቦ መደፋት አለበት፤ ልጁን ሆዱን ይነፋዋል። ለሐኪሞቹ ደግሞ የሕፃኑ የመጀመሪያ ክትባት የሚባለው እሱ ነው፤ መጠኑ ጥቂት ቢሆንም በሽታ መከላከያው በውስጡ ነው፤ የአዲስ ሕፃን ጨጓራም ከዚያ በላይ አይይዝም። እኔን እስከ ዛሬ የሚገርመኝ መንዝ ላይ ላም ስትወልድ የሚደረገው ነው። የላሟን እንገር እምዬ ራሷ አፍልታ ለልጆች ታበላ ነበር፤ ለጉልበት ነው ትላለች። የሰውን እንገር ግን ፈራችው። እናቴ በዚህ አልተከራከረችም፤ በነጠላ ተሸፍና አጠባች። እምዬም መሸፈኑን ወደደችው፤ ከዓይን ይጠብቃል ብላ። አንዲት ነጠላ ለሁለት ሐሳብ አገለገለች።

ስለ ውሃም ተከራክረዋል። ቀትር ላይ ሕፃኑ ሲያለቅስ እምዬ «ጠምቶታል» ትላለች፤ ለብ ያለ ውሃ፣ ሲሻል ደግሞ የአብሽ ውሃ በማንኪያ ጫፍ። እናቴ «ጡቱ ውስጥ ውሃ አለ እማማ» ትላለች። በዚህ እናቴ ፍጹም ትክክል እንደነበረች ዛሬ ያለ ማመንታት እጽፋለሁ፤ በዚያች ማንኪያ በተቅማጥ የሄዱ የአገራችን ሕፃናት ብዙ ናቸው። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከአንድ ሺህ ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ቁጥሩ 67 ደርሷል። ለዚህ ብዙ ምክንያት አለው፤ ክትባቱ አለ፣ በየቀበሌው ቤት ለቤት የዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሴቶች አሉ። እንገር አይደፋ፣ እስከ ስድስት ወር ውሃም ቢሆን አይሰጥ ብለው ስንቱን አያት እንዳሳመኑ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

እምዬ ከወለደቻቸው ልጆች የተወሰኑትን በሕፃንነታቸው ቀብራለች። አፋቸውን በቅቤ አሟሽታ፣ ውሃ በማንኪያ አቅምሳ፣ የምታውቀውን ሁሉ አድርጋ ነው የቀበረቻቸው። የወንድሜን ሆድ በእጇ እየዳበሰች ስትጨነቅ የሚያስጨንቋት እነሱ ነበሩ። እናቴ ይህን ታውቅ ነበር። በክርክሩ መካከል አንድም ቀን አላነሳችውም።

የወሊድ ፈቃዱ አልቆ እናቴ ወደ ትምህርት ቤቷ ስትመለስ ነገሩ ተገለበጠ። ጎረቤቱ ሁሉ ጡጦና የቆርቆሮ ወተት ግዢ አላት፤ እናቴም ልትገዛ ነበር። የከለከለቻት እምዬ ናት። «ይህ ጎማ በምን ይታጠባል? ውስጡ ይታያል?» አለች። በ1973 ዓ.ም. ጄኔቫ ላይ የዓለም ጤና ጉባኤ የእናት ጡት ተተኪ ወተቶች ማስታወቂያ እንዲገደብ ደንብ ማጽደቁን እምዬ አልሰማችም፤ የጉባኤውን ፍርሃት ግን በቃሏ ተናግራዋለች። ንጹሕ ውሃ በሌለበት ጡጦ ገዳይ ነው።

ቀጥሎ ያደረገችውን ሳስብ ዛሬም ልቤ ይሞላል። በየቀኑ የተማሪዎች እረፍት ሲደርስ ወንድሜን አዝላ፣ በጋቢ ጠቅልላ፣ የጉለሌን ዳገት ወጥታ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ትደርሳለች። እናቴ ጠመኔዋን አራግፋ ትወጣለች፤ ዘበኛው ክፍሉን ለቆላቸው ሕፃኑ ይጠባል። ደወል ሲደወል እምዬ መልሳ አዝላው ትወርዳለች። ዝናብም ቢሆን። ካርዱ ላይ የተጻፈውን ትእዛዝ እስከ መጨረሻው የፈጸመችው ማንበብ የማትችለው እምዬ ናት። ሐኪሞቹ «ጡት ብቻ» ሲሉ ማን ያመላልሰው፣ ለእናቲቱ ማን አጥሚት ያፍላላት፣ ቀዝቃዛ ውሃ እንዳትነካ ማን ይጠብቃት አላሉም። እምዬ ከነጠላዋ ጋር ስትመጣ እሱን ሁሉ ይዛ ነበር የመጣችው።

ምግብ ሲጀምር ደግሞ ሌላ ጦርነት ተከፈተ። ያኔ ክሊኒኮች ከአራት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ይጀመር ይሉ ነበር፤ የዓለም ጤና ድርጅት ስድስት ወር ይሙላው ያለው በ1993 ዓ.ም. ነው። እናቴ ፋፋ ገዛች። ፋፋን የአዲስ አበባ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል፤ በ1950ዎቹ በስዊድን እርዳታ በተጀመረው የሕፃናት ሥነ ምግብ ሥራ የተፈጠረ ነው፤ ስንዴ፣ አኩሪ አተር፣ ሽምብራ፣ የወተት ዱቄትና ስኳር ያለበት፣ ቪታሚን የተጨመረበት። እምዬ ቀመሰችው። «ይጣፍጣል። ግን ቀጠነ፤ ውሃ ልጅ አያሳድግም» አለች። እናቴ በቀላሉ እንዲወርድለት ብላ ነበር ያቀጠነችው። እምዬ ያን ከማንኪያ የማይወርድ የገብስ ገንፎዋን ሠራች፤ በቅቤና በወተት። እዚህ ላይ እምዬ ሙሉ በሙሉ አሸነፈች። በየመንደሩ ልጆቻችንን ያቀጨጨው አንዱ ነገር ሆድ ሞልቶ ጉልበት የማይሰጥ ቀጭን አጥሚት ነው፤ ገንፎ ማንኪያ ላይ ይቁም የሚለውን ዛሬ ባለሙያዎቹ ራሳቸው ያስተምራሉ። በኋላ ሁለቱ ተስማምተው አዋሀዱት፤ ሦስት እጅ ገብስና አጃ፣ አንድ እጅ የተቆላ ሽምብራ። ነርሷ ካርዱ ላይ መስመሩ ወደ ላይ ሲሄድ አይታ «ምን ብታበይው ነው?» ስትል እናቴ ወደ እምዬ ጠቆመች።

ያልተፈታም ነበረ። እምዬ ሥጋ «አንጀቱ እስኪጠና» ብላ ከለከለች፤ እናቴ የቅቅሉን መረቅ በድብቅ ትሰጠው ነበር። ሑዳዴ ላይ ለሕፃኑ እንቁላል የሚቀቀልበት ድስት ለብቻው ተለየ፤ በዚያ ማንም ቅር አልተሰኘም። እምዬ በአፏ አላምጣ ልታጎርሰው ስትል ግን እናቴ በእጇ ያዘቻት፤ ከንፈሯን ነክሳ፣ ቃል ሳትናገር። እምዬ ተቀየመች፤ እስከ ማታ ቡና አልጠጣችም።

ጡቱን በተመለከተ ግን ሁለቱም አንድ ነበሩ። እምዬ ልጅ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ጡት አይጥልም ትላለች፤ ካርዱም ተቃውሞ አልነበረውም።

ያ ወንድሜ ዛሬ አባት ሆኗል። ከሚስቱ ጋር አያት ሰፈር፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ይኖራል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሠራተኛ ሕግ ከወሊድ በኋላ 90 የሥራ ቀን ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ ሚስቱ ጎሕ ሲቀድ በሰርቪስ ወጥታ ከተማውን አቋርጣ ትሄዳለች። የሚታዘልበት መንገድ የለም። ወተቷን አልባ ፍሪጅ ውስጥ ታስቀምጣለች። እናቴ ፎቁን በስንት እረፍት ወጥታ አብራቸው ገብታለች፤ አሁን አያቲቱ እሷ ናት። ብዙ ጓደኞቼ ያን አላገኙም፤ አራስ ሆነው ከስልካቸው ጋር ብቻቸውን ሌሊት ያነጉ ነበር፤ ስልክ ይመልሳል፣ ግን ሕፃኑን ተቀብሎ «አንቺ ተኚ» አይልም።

ሰሞኑን ልጠይቃቸው ስሄድ እናቴና ምራቷ ሲከራከሩ ደረስኩ። መብራት ጠፍቶ አድሮ ኖሮ እናቴ ከፍሪጁ የወጣው ወተት ይደፋ ትላለች፤ ምራቷ ብዙ የደከመችበትን ወተት ለማፍሰስ እጇ አልታዘዝ ብሏት ቆማለች።

«እማማ፣ አልቀዘቀዘም እንጂ አልተበላሸም እኮ።»

«ልጄ፣ ክፍል ውስጥ ከአራት ሰዓት በላይ አይቆይም ተብሏል። መብራቱ የሄደው ሌሊት ስምንት ሰዓት ነው፤ ጽፌዋለሁ።»

ወተቱ ተደፋ። እናቴ ወዲያው አጃ ጣደች፤ ምራቷን አስቀምጣ ትልቅ ኩባያ አጥሚት አጠጣቻት፤ ሁለተኛውንም ቀዳች። «ጠጪ፤ እስከ ማታ ይተካል» አለቻት። እሷም እያለቀሰች ጠጣች። እኔ ሕፃኑን ታቅፌ ከበሩ አጠገብ ቆሜ ነበር፤ ያ ቤት የሚከራከር ሰው ስላለው እጅግ ደስ አለኝ።