ከቀጨኔ እስከ ጣና፤ በውኃ ላይ መንገድ ስለ መካፈል

የምኖርበት ሰፈር ቀጨኔ በአዲስ አበባ በስተ ሰሜን፥ በጉለሌ ወገን፥ ከእንጦጦ ተራራ እግር ሥር የሚገኝ፥ ሸክላ ሠሪዎችና ሸማኔዎች የሚበዙበት ቀበሌ ነው። ወንዛችን ትንሽ ስለሆነች ጀልባ የሚባል ነገር አታውቅም፤ ከክረምት በቀር ሕፃናትም በእግራቸው ይሻገሯታል። ነገር ግን መንገድን ከሌላ ሰው ጋራ ስለ መካፈል ቀጨኔ የምታስተምረው ትምህርት አላት። እንስራና ጀበና በጀርባዋ ተሸክማ ቁልቁል ወደ ገበያ የምትወርድ ሴት በጠባቡ መንገድ ላይ ስትታይ፥ የሰፈሩን ልማድ የሚያውቅ ባለመኪና ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ጥሩምባም አይነፋባትም። ስለ ምን ቢሉ፥ ደንግጣ አንድ ጊዜ ብትሰናከል የብዙ ቀን ሥራዋ በቅጽበት ገል ይሆናልና ነው። ይህን ልማድ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀው ነበር። በውኃ ላይ ግን ረሳሁት።

በ2009 ዓ.ም. በጥር ወር ከባለቤቴና ያን ጊዜ የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ከነበረው ልጃችን ጋራ ወደ ባሕር ዳር ሄድን። ስለ ጎጃም መንገድና ስለ ዓባይ በረሃ ብዙዎች ስለጻፉ እኔ አልደግመውም። በማግሥቱ ጠዋት በዘጌ ያሉትን ገዳማት ለመሳለም ከነነጂው አንዲት ሞተር ጀልባ ተከራየን።

ጣና ስፋቱ 3000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል፥ ከባሕር ወለል በላይ ያለው ከፍታም 1800 ሜትር ገደማ ነው፤ ጥልቀቱ ግን እጅግ በሚጠልቅበት ስፍራ እንኳ 14 ሜትር ያህል ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውኃ ነፋስ ሲነካው ቶሎ ይቆጣል። ስለዚህ የአገሩ ሰዎች ከቀትር በኋላ የሚነሣውን ነፋስ እየፈሩ ጉዳያቸውን በማለዳ ይፈጽማሉ። ነጂያችንም ይህንኑ ነግሮን ነበር። እኔም ሰምቼ፥ ምክሩን ለጥንቃቄ ሳይሆን ለጥድፊያ አዋልሁት፤ “ወንድሜ፥ እንግዲያው ፍጠንልን እንጂ” አልሁት።

በዚያ ሐይቅ ላይ ከሞተር ጀልባ ቀድሞ የነበረው መንገደኛ ታንኳ ነው። ታንኳ የሚሠራው በዳርቻው ከሚበቅለው ደንገል ነው፤ ደንገሉ ታጭዶ ከደረቀ በኋላ በእሥር በእሥር ይታሰርና ጫፉ ወደ ላይ ይቀለበሳል። ቀዛፊውና ጭነቱ ከውኃው ከፍ እንዲሉ በውስጡ ሌላ የደንገል እሥር ይነጠፍለታል። ሚስማር የለው፥ ሳንቃ የለው። ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ ከጉዞ በኋላ አውጥተው ያደርቁታል፤ ዕድሜውም አጭር ነው። በዚህ ሥራ ከጥንት ጀምሮ የታወቁት በሐይቁ ዳር የሚኖሩት ወይጦዎች ናቸው። ታንኳ አይሰጥምም፥ ደንገሉ ራሱ ይንሳፈፋልና፤ ነገር ግን ይገለበጣል። ከውኃው እምብዛም ከፍ ስለማይል ከሩቅ ሲያዩት ሰው በውኃው ላይ ያለ ምንም የተቀመጠ ይመስላል።

ወደ ዘጌ ስንቃረብ የማገዶ እንጨት የጫነ ታንኳ ወደ ባሕር ዳር ሲመጣ አገኘን። አንድ ሽማግሌና አንድ ወጣት ይቀዝፉታል። ነጂያችን ቀጥታውን ሳይለቅ፥ ፍጥነቱንም ሳይቀንስ፥ በሃያ እርምጃ ያህል ርቀት አለፋቸው። ወጣቱ እጁን ሲያነሣ አየሁት፤ ሰላምታ መስሎኝ እኔም እጄን አነሣሁ። ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ ድረስ አፍራለሁ።

ጀልባ በሩጫ ሲያልፍ በስተ ኋላው የሚተወው ሞገድ ለተሳፋሪው አይሰማውም፤ እርሱ የሚያየው የፊቱን ብቻ ነው። ሞገዱ የሚደርሰው ጀልባው ካለፈ በኋላ ነው፤ ጩኸቱንም የሞተሩ ድምፅ ይውጠዋል። ወደ ኋላ ዞሮ ይመለከት የነበረው ልጃችን ብቻ ነበር። “አባዬ፥ ሰውዬው ውኃ ውስጥ ገባ!” ብሎ ጮኸ። የመጀመሪያው ሞገድ ታንኳውን አንሥቶት፥ ሁለተኛው ጭነቱን ወደ አንድ ጎን አንሸራቶት ኖሯል።

ተመለስን። ባለቤቴ “አሁንስ ቀስ ይበል፥ ደግሞ እኛው እንዳንገለብጣቸው” አለች፤ በእውነትም እየፈጠንን ብንደርስ ሁለተኛ ጥፋት ይሆን ነበር። ነጂው ሞተሩን ከሩቅ አጥፍቶ በመቅዘፊያ ቀረበ። ወጣቱ የታንኳውን ጫፍ ይዞ ተንጠልጥሎ ነበር፤ በእግዚአብሔር ቸርነት አልተጎዳም። እንጨቱ ግን ከፊሉ በውኃው ላይ ተበትኖ ነበር፤ የለቀምነውም ረጥቦ፥ ለዚያ ቀን ገበያ የሚሆን አልነበረም። ሽማግሌው አልተቆጡም። “እኛስ ለምደነዋል፤ የሦስት ቀን ድካሜን ግን ውኃ በላው” ብቻ አሉ። ዋጋውን ከፈልሁ። እርሳቸውም ሳያጉረመርሙ ቆጥረው ተቀበሉ፤ ነገር ግን ፊቴን አላዩም።

ሥራዬ የፍርድ ቤት ጸሐፊነት ስለሆነ ማታ በማደሪያችን ሆኜ ነገሩን እንደ መዝገብ አገላበጥሁት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2081 የመኪናና የባለሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት ንብረቱ ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል፤ ሞተር ያላት ጀልባም ከዚህ ቃል የምታመልጥ አይመስለኝም። ነጂውን ስላጣደፈው መንገደኛ ግን ያ ቁጥር አይናገርም። ያን ሌሊት የሕጉ ዝምታ ዕረፍት አልሰጠኝም።

የባሕር መንግሥታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1972 ዓ.ም. መርከቦች እንዳይጋጩ ስምምነት አድርገዋል። ደንቡ በቀጥታ የወጣው ለጣና አይደለም፤ አሳቡ ግን ለማንኛውም ውኃ ይጠቅማል። ቀድሞ የሚያልፍ መርከብ ከሚቀደመው መራቅ አለበት። ፊት ለፊት የሚገናኙ ሁለት ባለሞተሮች ሁለቱም ወደ ቀኝ ይላሉ። ባለሞተር ለባለሸራና መረቡን ዘርግቶ ለሚያጠምድ መንገድ ይለቃል። ሁሉም በጊዜው ማቆም በሚችልበት ፍጥነት ይጓዛል። ለታንኳም ግዴታ አለበት፤ በጨለማ ያለ መብራት በጀልባዎች መንገድ ላይ መቆም አይገባውም። ነገር ግን በመቅዘፊያ የሚሄድ ከባለሞተር ሊሸሽ እንደማይችል የታወቀ ነው፤ መሸሽ የሚችለው ይሽሽ።

አሁን ደግሞ በሐይቆች ላይ ከሞተር ጀልባ የባሰ ፈጣን ነገር መጥቷል፤ ጄት ስኪ ይባላል። ስሙን በንግድ ያሳወቀው ካዋሳኪ የተባለው የጃፓን ኩባንያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1973 ዓ.ም. ነው። እንደ ሞተር ብስክሌት ተፈናጥጠው ይነዱታል። ልጆቻቸውን ወደ መዝናኛ የሚልኩ ወላጆች አሠራሩን ማወቅ ይገባቸዋል። ውኃውን ከሥሩ ስቦ በኃይል ወደ ኋላ ይተፋል፤ መሪው የሚያዞረውም ይህንኑ የሚተፋውን ውኃ ነው። እንግዲህ ነጂው ደንግጦ ነዳጁን የለቀቀ እንደ ሆነ፥ የሚተፋው ውኃ ይቋረጣልና በብዙዎቹ ላይ መሪው አይታዘዝም፤ በጀመረበት አቅጣጫ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ያልተማረ ሰው አደጋ ሲያይ አስቀድሞ የሚያደርገው ደግሞ ነዳጁን መልቀቅ ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ በአንድ ሴኮንድ ከ16 ሜትር በላይ ያልፋል። ስለዚህ የመንሳፈፊያ ልብስ መልበስ፥ ነጂው ሲወድቅ ሞተሩን የሚያጠፋውን ገመድ ከእጅ ጋራ ማሰር፥ ከዋናተኛና ከአጥማጅ ርቆ መንዳት ያስፈልጋል። አጥማጁን ለማስደንገጥ በዙሪያው መዞር ጨዋታ የሚመስላቸው አሉ፤ ያጥማጁ መረብ እንጀራው መሆኑን የነገራቸው የለም።

ያ ልጃችን ዛሬ ጎልማሳ ሆኗል። በቅርቡ ከጓደኞቹ ጋራ በስምጥ ሸለቆ ወዳለ አንድ ሐይቅ ሊሄድ ተነሥቶ፥ ጄት ስኪ የሚከራይበትን ገንዘብ ለመነኝ። የጣናውን ሽማግሌ ላስታውሰው ብጀምር፥ “አባዬ፥ ያየሁትስ እኔ አይደለሁም ወይ?” አለኝ። መልስ ስላጣሁ ገንዘቡን ሰጠሁት።

እሑድ ማታ በደኅና ወደ ቀጨኔ ተመለሰ። እናቱ እራት ስታቀርብለት እንዴት እንደ ሆነ ጠየቅሁት። “በዚያ ላይ ተቀምጦ ወደ ኋላ ማየት ያስቸግራል፤ ስለዚህ ከመነሣቴ በፊት የአጥማጆቹን ጀልባዎች ቈጠርሁ፤ አራት ነበሩ። እነርሱ ወዳሉበት ወገን አልሄድሁም፤ ስመለስም እንደገና ቈጠርኋቸው” አለኝና እጁን ሊታጠብ ተነሣ።