ልጆችን ይዞ በእግር ወደ አብጃታ ዳርቻ

የከተማ ልጅ ብዙ አይሄድም። ከቤት እስከ ታክሲ፣ ከታክሲ እስከ ትምህርት ቤት ደጃፍ ከተራመደ ቀኑን ጨረሰ ማለት ነው። የትምህርት ዕረፍት ሲደርስም ወላጆች የሚመርጡት ቦታ አብዛኛውን ጊዜ መኪና ደጁ ድረስ የሚገባበት፣ ምግብ ታዝዞ የሚቀርብበትና ልጆቹም ተቀምጠው የሚውሉበት ነው። ላንጋኖ ደርሰው የሚመለሱ ቤተሰቦች ስንትና ስንት ናቸው! ከዚያው ከላንጋኖ ፊት ለፊት፣ ከአስፋልቱ በስተምዕራብ የሚገኘውን የአብጃታ ሻላ ሐይቆች ብሔራዊ ፓርክን ግን ብዙዎቹ በመኪና መስኮት አይተውት ያልፋሉ።

ፓርኩ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ሞጆን፣ መቂን፣ ዝዋይ ስንላት የኖርነውን ባቱንና ቡልቡላን አልፎ ወደ ሻሸመኔ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ስፋቱ 887 ካሬ ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ ከሃምሳ ዓመት በፊት በተለይ የውሃ አዕዋፍን ለመጠበቅ ሲከለል ከግማሽ የሚበልጠው ክፍል ውሃ ነበር። «ነበር» ማለቴ በምክንያት ነው፤ ወደዚያው እመለሳለሁ።

ባለፈው ጥር ወር የዘጠኝና የስድስት ዓመት ልጆቼን ይዤ ሄጄ ነበር። ከመግቢያው በር አልፎ ያለው ሜዳ ለትናንሽ እግሮች የተመቸ ነው። መሬቱ ደልዳላ፣ ግራሩ ሳሳ ያለ በመሆኑ ልጅ ከዓይን አይሰወርም። ሰጎኖች፣ የግራንት ሚዳቋዎችና ከርከሮዎች በቅርብ ርቀት ይታያሉ። ከርከሮ ሣር ሲግጥ በፊት እግሮቹ ተንበርክኮ መሆኑን ልጆቼ ባዩ ጊዜ እነርሱም ተንበርክከው ሊሞክሩት አማራቸው። እንዲህ ያለውን ነገር መኪና ውስጥ ተቀምጦ ማየትና በእግር ቆሞ ማየት አንድ አይደለም። የፓርኩ ጠባቂ አብሮ መሄዱ የግድ አስፈላጊ ነው። መንገዱን ከማወቁም በላይ ወላጅ የማይችለውን ይችላል፤ ልጆቹ «ጋሼ፣ ይህ የማን ዱካ ነው?» እያሉ ሲያደክሙት ሳይሰለች ይመልስላቸዋል።

አካሄዱ በልጅ ልክ ይሁን። አዋቂ በአንድ ሰዓት የሚጨርሰውን ልጅ በሁለት ሰዓት ተኩል ይጨርሰዋል፤ ላባ ያነሣል፣ ጉንዳን ይከተላል፣ ድንጋይ በኪሱ ይሞላል። አባቶች በዚህ ላይ ትዕግሥት እንደሚያንሳቸው ታዝቤአለሁ፤ ለመድረስ ይቸኩላሉ። የተዘጋ ጫማ፣ ባርኔጣ ወይም ሻሽ፣ በሶ ወይም ቆሎ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በቂ የመጠጥ ውሃ ከቤት ሊያዝ ይገባል። ሁለት ታላላቅ ሐይቆች ባሉበት አገር ውሃ ተሸክሞ መሄድ እንግዳ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን የሁለቱም ውሃ ጨውና ሶዳ የበዛበት በመሆኑ ለመጠጥ አይሆንም።

ሁለቱን ሐይቆች በአንድነት ለማየት ወደ ከፍታው መውጣት ያስፈልጋል። በመካከላቸው የፊቄ ተራራ ቆሟል። ጫፉ ድረስ መውጣቱ ለትናንሽ ልጆች የሚከብድ ቢሆንም፣ ከፍ ካለው ሥፍራ ላይ ቆሞ አንዱን ከሌላው ማነጻጸር ይቻላል። ሻላ በጥንት ዘመን በእሳተ ገሞራ ተደርምሶ በተፈጠረ ጎድጓዳ ውስጥ የተኛ ጥቁር ሰማያዊ ሐይቅ ነው፤ ጥልቀቱ 266 ሜትር ይደርሳል። አብጃታ ደግሞ ጥልቀት የሌለው፣ እንደ ሰፌድ የተዘረጋ፣ ዳር ዳሩ የነጣ ነው። ጎረቤታሞች ሆነው እንዲህ አለመመሳሰላቸው ያስደንቃል።

በሻላ ዳርቻ የሚፈልቀው ፍልውሃ ብዙ ሰው የሚታጠብበት ነው። የአካባቢው ሰዎች ለፈውስ ይመጡበታል። ልጅ ይዞ ለመጣ ግን ጥብቅ ጥንቃቄ ያሻል፤ ውሃው ከምንጩ ሲወጣ ሥጋ የሚልጥ ትኩስ ነው፣ እንፋሎቱም የመሬቱን ጠርዝ ይሸፍነዋል። እዚያ ስንደርስ የሁለቱንም ልጆች እጅ ይዤ ነው የቆየሁት። እነርሱም ቅር ብሏቸው ነበር፤ ይበላቸው።

ወደ አብጃታ ዳርቻ የሚደረገው ጉዞ ግን ሌላ ነው። ግራሩ ካለቀ በኋላ ሣሩ ይጀምራል፤ ሣሩ ካለቀ በኋላ የነጣው ሜዳ ይከተላል። ውሃው ፊት ለፊት ይታያል፤ እየሄዱ እየሄዱ ግን አይደረስበትም። የስድስት ዓመቷ ልጄ ሐይቁ እየሸሸን እንደሆነ ጠየቀችኝ። የተረገጠው መሬት ሁሉ ትናንት የሐይቅ ወለል የነበረ ነውና አባባሏ ትክክል ነበር። አብጃታ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ከግማሽ የሚበልጠውን ስፋቱን አጥቷል። አያቶች በአጭር መንገድ የደረሱበትን ዳርቻ የዛሬ ልጆች ረጅም ሜዳ አቋርጠው ነው የሚያገኙት። ከላይ የደረቀ የሚመስለው መሬት ከሥሩ ጭቃ ስለሆነ ጠባቂው «ከዚህ በላይ አይኬድም» ካለ መቆም ነው፤ ከብትም መኪናም ይውጣል።

ከቆምንበት ሆነን ፍላሚንጎዎቹን አየን። ከሩቅ ሲታዩ በውሃው ዳር የተሰጣ ቀይ ዳማ ሻሽ ይመስላሉ። አንገታቸውን ዘቅዝቀው፣ ምንቃራቸውን ገልብጠው ውሃውን ያጠልላሉ፤ የሚለቅሙትም በሶዳ ውሃ ውስጥ የሚበቅለውን ደቃቅ አልጌ ነው። የላባቸው ቅላት ከዚሁ ምግብ እንደሚመጣ ስነግራቸው ትልቁ ልጄ ካሮት አብዝቶ ቢበላ ይቀላ እንደሆነ ጠየቀ። ካሮት የማይወድ ልጅ መሆኑን እዚህ ላይ መግለጽ ይገባኛል።

ፔሊካኖቹ ግን እንደ ፍላሚንጎዎቹ አልሆነላቸውም። ሌስሊ ብራውንና ኤሚል ኧርባን የተባሉት የአዕዋፍ አጥኚዎች እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተሙት ጥናት የሻላን ፔሊካኖች አኗኗር በዝርዝር ጽፈዋል። ወፎቹ አውሬ በማይደርስበት በሻላ ደሴት ላይ ይፈለፍሉ ነበር። ሻላ ግን ለእነርሱ የሚበቃ ዓሣ የለውም፤ ምግቡ ያለው አብጃታ ነበር። ስለዚህ ጠዋት ምድሩ እስኪሞቅ ይጠብቃሉ። የሞቀው አየር ወደ ላይ ሲነሣ በእርሱ ላይ ክንፋቸውን ዘርግተው ሳይደክሙ ኮረብታውን ይሻገራሉ፤ ዓሣ በልተው ለጫጩቶቻቸውም ይዘው ይመለሳሉ። ቤቷ በአንድ ሰፈር፣ ገበያዋ በሌላ ሰፈር የሆነ እናት ኑሮ ነው። በኋላ አብጃታ እየጎደለ፣ ጨዉም እየበረታ ሲሄድ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ተመናመነ፤ የፔሊካኖቹም ቁጥር እጅግ ቀነሰ። ጎጆው በቦታው አለ፤ የጎደለው ገበያው ነው።

ሐይቁ ለምን ጎደለ? ለልጆቼ በበትር መሬት ላይ ሥዬ ነበር ያስረዳኋቸው። የመቂና የካታር ወንዞች ዝዋይ ሐይቅ ይገባሉ፤ ከዝዋይ የተረፈው በቡልቡላ ወንዝ ወደ አብጃታ ይወርዳል። ከላንጋኖ የተረፈውም በሆራ ቀሎ ወንዝ በኩል እዚያው ይደርሳል። አብጃታ ግን መውጫ ወንዝ የለውም፤ የሚወስድበት ፀሐይ ብቻ ነበር። በማዕድ ሥርዓት እንደተመለከትነው፣ መጨረሻ ላይ የሚቀርብ ሰው የሚበላው የተረፈውን ነው። ከላይ በኩል ለሽንኩርት፣ ለቲማቲምና ለአበባ እርሻ ውሃ በፓምፕ በተሳበ ቁጥር ለአብጃታ የሚተርፈው ያንሳል። በራሱ ዳርቻም እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የሶዳ አሽ ፋብሪካ ተተክሎ የሐይቁን ውሃ በኩሬ እያተነነ ምርት ሲያወጣበት ኖሯል።

ልጄ «የእኛ ቲማቲም ከየት ነው?» አለኝ። የመቂ ቲማቲም በአዲስ አበባ ገበያ የታወቀ ነው፤ እኔም ብዙ ጊዜ እርሱን እገዛለሁ። ገበሬውም ልጆች አሉት፤ ከውሃው አጠገብ ተቀምጦ አትጠጣ ሊባል አይችልም። የመስኖው ውሃ እንዴት ይከፋፈል፣ ለሐይቁስ ምን ያህል ይተው የሚለው ግን ለባለሥልጣንና ለመሐንዲስ ብቻ የሚተው ጉዳይ አይመስለኝም።

በመመለሻችን ላይ ቢጫ ጀሪካን በአህያ የጫኑ ሴቶች አገኘን። በፓርኩ ክልል ብዙ ሕዝብ ይኖራል፤ ከብት ይሰማራል፣ ይታረሳልም። ሴቶቹ የሚጠጣ ውሃ ፍለጋ የሚሄዱት መንገድ እኛ ለሽርሽር ከሄድነው ይረዝማል። በአስፋልቱ ዳር ደግሞ የከሰል ጆንያ ተደርድሮ ይታያል፤ ከዚህ አካባቢ ግራር የተከሰለ ነው። ከከተማ የሚመጣው ሰው እየቆመ ይገዛል፤ ለቡናም ለወጥም ይሆነዋል። ጆንያ ጭነን እንደማንሄድ ለልጆቼ አስቀድሜ ነግሬአቸው ነበርና፣ ሹፌሩ መኪናውን ቀስ ሲያደርግ ሁለቱም በአንድ ድምፅ «እንዳትቆም!» አሉት።

ለመሄድ ያሰበ ቤተሰብ ከጥቅምት እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ቢሄድ መልካም ነው። ከአውሮፓ ብርድ ሸሽተው የሚመጡ ወፎችም ያን ጊዜ ይገኛሉ፣ መሬቱም አይጨቀይም። አዳሩን ላንጋኖ አድርጎ በማለዳ በሩ ላይ መድረስና ፀሐይ ሳይበረታ መመለስ ይቻላል። ከአምስት ዓመት በታች ላለ ልጅ የበሩ አካባቢ ሜዳ ይበቃዋል። ከዚያ ከፍ ላለው ወደ አብጃታ የሚወስደው መንገድ አይበዛበትም፤ አጉሊ መነጽር ካለም ተራ በተራ ይያዝ። ጠዋት በሦስት ሰዓት ተኩል ግድም፣ ምድሩ ሞቅ ሲል፣ ወደ ኮረብታው ቀና ማለት ነው፤ በክንፋቸው አየሩን ሳይመቱ እየዞሩ የሚነሡ ትላልቅ ነጫጭ ወፎች ከታዩ ፔሊካኖች ናቸው። እኛ ሰባት ቆጠርን።